መሬት ሲንቀጠቀጥ በሙያ ማህበር ስም ማን ይናገር?

በ2017 ዓ.ም. ታህሳስና ጥር የአዲስ አበባ ሰው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ቤቴ ይቆማል?» ከመተሐራ አጠገብ ካለው የፈንታሌ ተራራ እስከ ዶፈን ድረስ መሬቱ ከመስከረም ጀምሮ ሲታመስ ቆይቶ፣ ታህሳስ 26 ሌሊት መጠኑ 5.8 ያህል የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። የካቲት 7 ሌሊት ደግሞ 6.0 ደረሰ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ቤቶች ፈረሱ፣ መሬት ተሰነጠቀ፣ ቤተሰቦች ከብቶቻቸውን እየነዱ ቀያቸውን ለቀቁ። መንግሥት በአደጋው ቀጠና ውስጥ ይኖራሉ ያላቸው ሰዎች 80 ሺህ ገደማ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ የፈረሰ ነገር ባይኖርም አልጋው ተወዛውዟል፣ ልጆቹን ታቅፎ ከፎቅ የወረደ ወላጅም ጥቂት አልነበረም።

እኔ የመዋቅር መሐንዲስ ነኝ። ኮለንና ቢም፣ ፌሮና ኮንክሪት ሳሰላ ነው ዕድሜዬን የገፋሁት። በእነዚያ ወራት ስልኬ አላረፈም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩት አክስቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ደውለው «አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ልውረድ ወይስ ልተኛ?» አሉኝ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ፎቅ ሲደረመስ የሚያሳይ ቪዲዮ ልኮ «ቦሌ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው ወይ?» አለኝ። ቪዲዮው የሌላ አገር ነበር። የሠፈራችን ሱቅ ባለቤት ሳይቀር ገንዘብ መመለሱን ትቶ ስለ ግድግዳው ስንጥቅ ይጠይቀኝ ነበር።

ለአክስቴ የማውቀውን ነገርኳቸው። ልስኑ ላይ የሚታየው ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አያሰጋም። የብሎኬቱ ግድግዳ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት መስመር የሚከፈተውም በአብዛኛው መዋቅሩን አይነካም። ኮለኑ ወይም ቢሙ ራሱ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካዩ፣ ወይም ኮንክሪቱ ተራግፎ ፌሮው ከታየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ መሐንዲስ ይጠራ። ሲንቀጠቀጥ በደረጃ አይሩጡ፤ ከመስታወት ራቅ ብለው ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፣ ሲያቆም ተረጋግተው ይውረዱ። አክስቴ አመሰገኑኝ። እኔ ግን አልረካሁም፤ ዘመድ መሐንዲስ የሌላት ጎረቤታቸው ማንን ትጠይቅ?

መልሱ ግልጽ መሆን ነበረበት። መሐንዲሶችን፣ አርክቴክቶችን፣ የሥነ ምድር ባለሙያዎችን ያሰባሰቡ ማህበራት አሉን። መተዳደሪያ ደንብ፣ ማህተም፣ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አላቸው። አብዛኞቹ የሌላቸው ነገር ከሕዝብና ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኙበት የተጻፈ ሥርዓት ነው። የምለው አጭር ነው፦ እያንዳንዱ የሙያ ማህበር በስሙ ማን እንደሚናገር፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚናገር፣ ከመንግሥት፣ ከለጋሾችና ከአቻ ማህበራት ጋር በምን አግባብ እንደሚገናኝ የሚወስን አጭር ፖሊሲ ይኑረው። ፖሊሲውም ባለሙያው በድፍረት እንዲናገር የሚያስችል ይሁን።

በዚያን ጊዜ ማንም አልተናገረም ማለቴ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ተቋም መነሻው እስከ 1950 ዓ.ም. ገደማ የሚደርስ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ አለው። የተቋሙ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በየሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያው እየቀረቡ፣ ከመሬት ሥር ቅልጥ ዓለት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን፣ መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚከሰት ቀን ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ እንደሌለ በትዕግሥት አስረድተዋል። ለዚህ ትጋታቸው የአገር ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ጥቂት ምሁራን በግል ትከሻቸው የተሸከሙት ሸክም የብዙ ሙያዎች ነበር። የጂኦፊዚክስ ሊቅ ስለ መሬቱ ይናገራል። ጀሞ ያለው ሕንፃ ያንን እንቅስቃሴ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የመዋቅር መሐንዲሱ ነው። በዚያው አካባቢ ያለው የከሰም ግድብ ጉዳይ የግድብ መሐንዲሱ ነው። የተፈናቀለው ሰው ውሃና መጸዳጃ የጤና ባለሙያው፣ የሕፃናቱ ድንጋጤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ነው።

የመሐንዲሶች ድምፅ በጊዜው ቢሰማ ኖሮ ለሕዝብ የሚጠቅም ብዙ ነገር ነበረው። የ1987 ዓ.ም. የሕንፃ ኮድ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት ራሱን የቻለ ክፍል እንዳለው፣ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ኮድ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ ሕንፃ ከቀድሞው ከፍ ያለ ኃይል ታሳቢ እንዲደረግ እንደሚጠይቅ ስንት ነዋሪ ያውቃል? ይህን የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፦ «የእኛ ሕንፃ በየትኛው ኮድ ተሠራ? በግንባታው ወቅትስ ማን ተቆጣጠረው?» ወሬ ከሚያባዛ ፍርሃት ይልቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማን ያድናል።

መንቀጥቀጡም አዲስ እንግዳ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው አዲስ አበባን አስደንግጧል። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ ላይ ሰዎች ሞተዋል። ፒየር ጉዌን የተባሉት ካቶሊካዊ ቄስና ሳይንቲስት የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል። እውቀቱ መደርደሪያ ላይ አለ። ከመደርደሪያው አውርዶ በሰዓቱ ለሕዝብ የሚያደርስ የተመደበ ሰው ግን የለም።

ለምን የለም? ውስጡን ስለማውቀው ልናገር። አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ ለአንድ የሙያ ማህበር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ባለሙያ ይላክልን ይላል። ደብዳቤው ለፕሬዝዳንቱ መመራት አለበት፤ ፕሬዝዳንቱ መስክ ናቸው። ጸሐፊው ያለ ሥራ አስፈጻሚው ውሳኔ ማንንም መላክ አይችልም፤ ሥራ አስፈጻሚው የሚሰበሰበው በወሩ መጨረሻ ነው። አንዱ አባል «መጀመሪያ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት እናነጋግር» ይላል፤ ሌላው «የተሳሳተ ነገር ብንናገርስ?» ብሎ ይሰጋል። ደብዳቤው ቃለ ጉባኤ ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ተላልፎ አልቋል። በማይክራፎኑ ፊት የተቀመጠው ቀን ቆርጦ የሚተነብይ «ተመራማሪ ነኝ» ባይ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ክፋት አላየሁበትም፤ ያየሁት የሥርዓት እጦት ነው።

ከሥርዓት እጦቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት አለ። አብዛኛው ባለሙያ የመንግሥት ወይም የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው፤ የሥራ ፈቃዱም በመንግሥት እጅ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1185 ከወጣ ወዲህ «ቁጥር ብሳሳት እከሰሳለሁ» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አዋጁ የትምህርታዊ ጥናትና የሳይንሳዊ ምርምር አካል ለሆነ ንግግር ልዩ ሁኔታ ማስቀመጡን ብዙዎቹ አላነበቡም። ይህን ለአባላት ማስረዳት የማን ሥራ ነው? የማህበሩ ነው።

የቆየ ጠባሳም አለ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብአዊ መብትና በመሰል ጉዳዮች ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ከልክሎ ነበር። በዚያ አሥር ዓመት ብዙ ማህበራት «ከመናገር ዝም ማለት ያዋጣል» የሚል ልማድ ተማሩ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ገደብ አንሥቶ ማህበራት በሕጋዊ ዓላማቸው ላይ ሐሳብ እንዲያራምዱ በሩን ከፍቷል። በሩ ከተከፈተ በኋላም ልማዱ እንደ ነበረ ቀርቷል።

ያለ ሥርዓት መናገርም እንደ ዝምታው ያጠፋል። ለዚህ ማስረጃዬ የጣሊያኗ ላኲላ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ከተማዋ ለወራት በትናንሽ መንቀጥቀጦች ስትናወጥ ቆየች። የመሬት መንቀጥቀጥ ባለሙያ ያልሆነ አንድ ቴክኒሻን ከመሬት በሚወጣው ሬዶን በተባለ ጋዝ ትልቅ መንቀጥቀጥ መተንበይ እንደሚችል እየተናገረ ሕዝቡ ተረበሸ። በፈረንጆቹ ማርች 31፣ የአገሪቱ የከፍተኛ አደጋዎች ኮሚሽን ሳይንቲስቶች እዚያው ላኲላ ተሰበሰቡ። በስብሰባው የተናገሩት ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር፤ ትልቅ መንቀጥቀጥ የመከሰት ዕድሉ ዝቅተኛ ቢሆንም ፈጽሞ አይሆንም ማለት አይቻልም አሉ። ሆኖም የሲቪል መከላከያው ምክትል ኃላፊ ለቴሌቪዥን የተናገሩት ሌላ ነበር፦ ትናንሾቹ መንቀጥቀጦች ኃይሉን እያስተነፈሱት ስለሆነ ሁኔታው እንዲያውም ጥሩ ነው የሚል። ሳይንሱ ይህን አይደግፍም። ሳይንቲስቶቹ ግን ወደየመጡበት ተመለሱ፤ የእነሱ የጥንቃቄ ቃል በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ለከተማው ሕዝብ አልደረሰም።

ከስድስት ቀን በኋላ ኤፕሪል 6 ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ገደማ መጠኑ 6.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ከተማዋን መታ። 309 ሰዎች ሞቱ። ላኲላ ውስጥ ከአባት የተወረሰ ልማድ ነበር፤ ሌሊት ጠንከር ያለ መንቀጥቀጥ ከተሰማ ቤተሰቡ ልብሱን ደርቦ አደባባይ ያድራል። በዚያች ሌሊት ግን «ባለሙያዎቹ አረጋግተውናል» ብለው ቤታቸው የቀሩ ሰዎች እንደነበሩ ከሞት የተረፉት ዘመዶቻቸው ለፍርድ ቤት መስክረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ፍርድ ቤቱ ስድስቱን ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣኑን እያንዳንዳቸው በስድስት ዓመት እስራት ቀጣ። ዓለም «መተንበይ ስላልቻሉ ታሰሩ» ብሎ ጮኸ። የክሱ ፍሬ ነገር ግን ትንበያ አልነበረም፤ አደጋውን የመዘኑበትና ለሕዝብ የተናገሩበት መንገድ ነበር። በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስድስቱን ሳይንቲስቶች በነፃ አሰናበተ፤ የባለሥልጣኑን ቅጣት ግን ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አድርጎ አጸናው። በቀጣዩ ዓመት የሰበር ችሎቱ ይህንኑ አጸደቀ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ባለሙያ የራሱን ቃል በራሱ አንደበትና በጽሑፍ ካላደረሰ ሌላ ሰው በስሙ ይናገርለታል፤ ኃላፊነቱ ግን ተመልሶ ወደ እሱ ይመጣል።

እንግዲህ ፖሊሲው ምን ይያዝ? በመጀመሪያ ተናጋሪዎችን በስም ይሰይም። አንድ ፕሬዝዳንት አይበቃም፤ በየዘርፉ ሁለት ሁለት ሰው ይመደብ፣ አንዱ ቢታመም ወይም መስክ ቢወጣ ሌላው ይተካው። አስቸኳይ ነገር ሲፈጠር ሥራ አስፈጻሚው እስኪሰበሰብ ሳይጠብቁ በስድስት ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል የመስጠት ሥልጣን ይኑራቸው። የመጀመሪያው ቃል ረጅም መሆን የለበትም፦ የምናውቀው ይህ ነው፣ ገና ያላወቅነው ይህ ነው፣ አሁን ማድረግ ያለባችሁ ይህ ነው፣ ተመልሰን የምንናገረው ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው። የመጨረሻዋን ነገር ሰዎች ይንቋታል፤ እኔ ግን ዋናዋ ናት እላለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ በኋላ ጤና ሚኒስቴር የምርመራውን ውጤት በየቀኑ ያወጣ ነበር፤ 8335 የሚባል የሚደወልበት ቁጥርም ነበር። የታማሚውን ቁጥር የወደደው አልነበረም፤ ግን ሰው ዜናውን ከየት እንደሚጠብቅ ያውቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ የአባልን ቃልና የማህበሩን አቋም ይለይ። አባል በሙያው በራሱ ስም የመናገር መብት አለው፤ የማህበሩን ስም የሚጠራው ግን ሲወከል ብቻ ነው። የአሜሪካ ኢኮኖሚክስ ማህበር ከጥንት ጀምሮ በተግባራዊ የኢኮኖሚ ጉዳዮች ላይ አባላቱን በአንድ አቋም እንደማያስር በደንቡ ደንግጓል፤ ኢኮኖሚስቶቹ ግን በየስማቸው ይከራከራሉ። የአሜሪካ የሜትዎሮሎጂ ማህበር በበኩሉ መግለጫ ያወጣል፤ ይሁንና መግለጫው እስከ መቼ እንደሚጸና እዚያው ላይ ይጽፋል፣ ጊዜው ሲያልፍ ይታደሳል ወይም ይቀራል። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። የማያስኬደው የትኛው መንገድ እንደተመረጠ አባሉም ሕዝቡም ሳያውቅ መቅረቱ ነው። ለእኛ ሁለተኛው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ በሕንፃ ደኅንነት ላይ የሕዝብ ጥያቄ ሲመጣ «እያንዳንዳችን የየራሳችን ሐሳብ አለን» ብሎ መበተን አይቻልምና።

ሦስተኛ፣ ቋንቋ። የተንቀጠቀጠው ምድር የአፋሮችና የከረዩ ኦሮሞዎች መኖሪያ ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ መግለጫ አደጋው ደጃፉ ላይ ለቆመው ሰው አልተጻፈለትም። ማህበራቱ አፋርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ አባላት አሏቸው። የቀረው እነሱን አስቀድሞ መመዝገብና የሙያ ቃላቱን አብሮ ማዘጋጀት ነው።

አራተኛ፣ ከጋዜጠኞች ጋር ያለው ግንኙነት። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ የሳይንስ ሚዲያ ማዕከል አለ። ሥራው ዜና ሲፈነዳ ጋዜጠኛውን ጉዳዩን ከሚያውቀው ሳይንቲስት ጋር በፍጥነት ማገናኘት ነው። እኛ ማዕከል መገንባት አያስፈልገንም፤ የባለሙያዎች ዝርዝርና አንድ ስልክ ይበቃናል። በዚያው ላይ አንድ ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ ማህበሩ ለዘገባ አበል አይከፍልም። «የትራንስፖርት» እየተባለ በፖስታ የሚሰጠው ገንዘብ ዘገባውንም፣ ጋዜጠኛውንም፣ ባለሙያውንም ዋጋ አሳጥቷል። መረጃችን የሚጠቅም ከሆነ ጋዜጠኛው ይመጣል። ካልመጣም መረጃውን ማሻሻል የእኛ ፈንታ ነው።

የውጭ ግንኙነቱም እንዲሁ ነው። ከመንግሥት ጀምሬ ልናገር። ማህበር የመንግሥት ጠላትም ቃል አቀባይም አይደለም። ድንገተኛ አደጋ ሲኖር መግለጫው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በዚያው ሰዓት ይድረስ፤ ለማሳወቅ እንጂ ለማስፈቀድ አይሁን። በመንግሥት ኮሚቴ ውስጥ ማህበሩን የሚወክል ሰው የውክልና ደብዳቤ ይያዝ፣ የጊዜ ገደብ ይኑረው፣ ምን እንዳለና ምን እንደሰማ ለአባላት በጽሑፍ ይመልስ። ዛሬ ብዙ ውክልና የሰው ርስት ሆኗል፤ አንድ ሰው ለዓመታት ይሰበሰባል፣ አባሉ ግን ምን እንደተወሰነ ከጋዜጣ ያነባል።

ቀጥሎ ገንዘብ። የማህበራት ዓመታዊ ጉባኤ በብረትና በሲሚንቶ ነጋዴዎች፣ በቀለምና በአሉሚኒየም አስመጪዎች ስፖንሰርነት ሲካሄድ የምናየው ነው። ስጦታው በራሱ ነውር የለበትም። ነገ ስለ ፌሮ ጥራት ሕዝብ ሲጠይቀን ግን ሰንደቁን ጉባኤያችን ላይ የሰቀለውን ነጋዴ እያሰብን እንዳንመልስ፣ ከማን ስንት እንደተቀበልን በየዓመቱ ይታተም። በውጭ ለጋሽ ገንዘብ የተሠራ ጥናትም እንዲሁ፦ የከፈለው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ። ከፋዩን የደበቀ ጥናት ትክክል ቢሆን እንኳ ለወሬ ይጋለጣል።

ከዚያ የውጭ አቻዎች። በ1998 ዓ.ም. መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ሲሰነጠቅ የዓለም ሳይንቲስቶች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር አብረው አጠኑት፤ ስለ አህጉራት መለያየት የሚታወቀውን ነገር ያሰፋ ሥራ ወጣ። ትብብር እንዲህ ያፈራል። ፍሬው ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ነው የቀረው። ማህበራት ከውጭ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈርሙ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ ውጤቱ በአገሩ ቋንቋ፣ ጥናቱ ለተካሄደበት ሕዝብ ይመለስ። ለስብሰባ ወደ ውጭ የሚላከው አባልም በዕጣ ወይም በቅርበት ሳይሆን በሥራው ይመረጥ፣ ሲመለስ ለአባላት ትምህርት ይስጥ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም አሉ፤ በዚያ የጭንቀት ወቅት «በምን እንርዳ?» ብለው ለየወዳጆቻቸው የደወሉ ብዙ ናቸው። የሚቀበላቸው ጠረጴዛ ስላልነበረ ቅንነታቸው በስልክ ላይ ቀረ።

የመረጃ ምንጭም የውጭ ግንኙነት ጉዳይ ነው። መንቀጥቀጥ በተከሰተ በደቂቃዎች ውስጥ የአሜሪካው የጂኦሎጂ ጥናት ተቋምና የአውሮፓውያኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ማዕከል የመጠኑን ቁጥር ያወጣሉ። የአንዱ ቁጥር ከሌላው በጥቂት ነጥብ ይለያል፤ ጣቢያዎቻቸውና የስሌት ዘዴያቸው ይለያያልና። ሕዝቡ ግን ልዩነቱን ሲያይ «አንዱ ዋሽቷል» ይላል። ማህበሩ የትኛውን ቁጥር ለምን እንደሚጠቀም አስቀድሞ ቢወስንና በሁለት አረፍተ ነገር ቢያስረዳ ግማሹ ጥርጣሬ እዚያው ይከስማል።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። «ፖሊሲ ማለት ማፈኛ ነው» የሚሉ ወጣት አባላት አሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን መመሪያ ሲያወጣ «ያለ ፈቃድ አትናገሩ» ከሚለው አያልፍም። ስለዚህ የማህበራት ፖሊሲ የመጀመሪያው አንቀጽ ይህ ይሁን፦ በሙያው፣ በራሱ ስም፣ በማስረጃ የተናገረ አባል በመናገሩ አይቀጣም፤ በመናገሩ ጥቃት ቢደርስበት ማህበሩ ከጎኑ ይቆማል፣ ሕጉን ያስረዳለታል፣ ለአሠሪው ይጽፍለታል። ይህች አንቀጽ የሌለችበትን ፖሊሲ እኔም እቃወማለሁ።

አንጋፋዎቹ ደግሞ «ማህበሩን ፖለቲካ ውስጥ ታስገቡታላችሁ» ይላሉ። አንድ ሕንፃ በኮድ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም የሚለው ጥያቄ የስሌት ጥያቄ ነው። ስሌቱን ስንናገር የሚቆጣ ሊኖር ይችላል፤ ቁጣው ስሌቱን ፖለቲካ አያደርገውም። ይልቅ ወሰኑን በጽሑፍ ያስቀመጠ ማህበር ከወሰኑ ውጭ ተናገር ሲባል እምቢ የሚልበት መሠረት አለው። ያልጻፈ ማህበር ግን ጉልበት ያለው ሁሉ በስሙ መግለጫ ያሰጠዋል። በባዶ ወረቀት ላይ ያረፈ ማህተም ከመግለጫ ሁሉ የከፋ እንደሆነ ማህበር የመራ ሰው ያውቃል። «ገንዘብ የለንም» ለሚሉትም መልሱ ቀላል ነው፤ የምጠይቀው ሁለት ገጽ ወረቀት፣ የስም ዝርዝርና የሚነሣ ስልክ ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማንን፣ ከዚያም አልፎ ሕንድን ደረሰ። በረራ ተስተጓጎለ፣ የአርብቶ አደሩ ግጦሽ አመድ ለበሰ። እንደገናም ዓለም ጠየቀን። ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ግድብ ይሁን፣ ስለ ወረርሽኝ ወይም ስለ ድልድይ አላውቅም። መምጣቱን ግን አውቃለሁ።

ስለዚህ የማንኛውም የሙያ ማህበር አባል የሆናችሁ ሁሉ፣ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሲጠየቅ ይህን አስይዙ፦ በስማችን ማን ይናገራል? በስንት ሰዓት? በየትኞቹ ቋንቋዎች? ገንዘባችን ከማን ነው? ወኪሎቻችን የት የት ተቀምጠዋል፣ ምንስ አመጡ? ለአምስቱ ጥያቄ መልስ የሌለው ሥራ አስፈጻሚ መልሱን በሦስት ወር ውስጥ ጽፎ እንዲያቀርብ በድምፅ ወስኑ። ሕዝብ ያስተማረን ለራሳችን እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ሲጨንቀው እንድንመልስለትም ነው። የሚመልስለትን ሰው ዛሬ፣ ምድሩ ጸጥ ባለበት ጊዜ፣ በስም እንሰይምለት።